የልብስ ሰፊዋ ሻል

ጨርቁ የለም።

የሥዕል መምህርቷ ባዶውን የጠረጴዛ ፊት በእጇ ዳበሰችው። ዓይኗ የዋሻት መስሏት ነበር። አልዋሻትም። ትናንት አዳራሹን ቆልፋ ስትወጣ እዚህ ነበር፤ የሳህን ስብርባሪ የተለጠፈበት፣ አንድ ሰው እንደ ሕፃን አቅፎ ሊሸከመው የሚችል አቡጀዲ። አሁን ቦታው ባዶ ነው።

ጮኸች።

የመዝናኛ ማዕከሉ አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል። ለስብሰባ አይመችም፤ ለጩኸት ግን ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ገሚሱ የጥርስ ብሩሹን ከአፉ አላወጣም።

መምህርቷ በሩ ላይ እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

«ማንም እንዳይገባ! የቀሩት ሙጫቸው አልደረቀም፤ ከተነቃነቁ አለቀልን!»

«ምን ጠፋ?»

«ግድግዳው!»

«ግድግዳውማ ይኸው ቆሞ የለም እንዴ?»

«ግድግዳው ላይ የሚወጣው! የአዋላጇ ሻል!»

ፖሊስ ሲደርስ ሰፈሩ ምርመራውንም ፍርዱንም ጨርሶ፣ የጎደለው የእጅ ሰንሰለት ብቻ ነበር።

«ዘበኛው ነው» አሏት ሳጅኗን፣ ገና ግቢው ውስጥ እግሯን ሳታስገባ።

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ሳህን አይደል የጠፋው?»

ይህቺ ሳጅን እዚሁ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። ቅጽል ስሟ «ለምን» ነው። ስትወለድ እንኳ ያለቀሰችው «ለምን አወጣችሁኝ» ብላ ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ያወጧት አዋላጅ ራሳቸው ስለሆኑ ማስተባበል አልቻለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማዕከሉ የፊት ግድግዳ ለዓመታት የማስታወቂያ መለጠፊያና የኳስ መምቻ ሆኖ ኖሯል። ዘንድሮ ሰፈሩ ራሱ በሞዛይክ ሊያስጌጠው ተነሣ። እያንዳንዱ ቤት የተሰበረ ሳህኑን፣ ጆሮው የተገነጠለ ስኒውን፣ ከመታጠቢያ ቤት የተረፈ ሴራሚኩን እያመጣ አንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ደፋ። ሥዕሉ ገመድ የሚዘሉ ልጆችን ያሳያል። ገመዱን ግራና ቀኝ ቆመው የሚያዞሩላቸው ሁለት ሻል የለበሱ ሴቶች ናቸው። በግራ አዋላጇ፤ በቀኝ ባለፈው ዓመት የሞቱት ልብስ ሰፊ። ሁለቱ ሰፈሩን ተካፍለውት ኖረዋል፤ አንደኛዋ ራቁቱን ተቀበሉት፣ ሁለተኛዋ አለበሱት።

ነገ ጠዋት ግንበኛው ሲሚንቶውን ለውሶ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሊያወጣ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅም የእናቷን ምስል ልታይ ከሌላ ከተማ ትመጣለች።

ዘበኛው ከሰዉ ርቆ በሩ ጥግ ቆሟል። ሃምሳ ያለፈው ቀጭን ሰው ነው፤ ሲጨንቀው ኮፍያውን አውልቆ ይጠመዝዛል። አሁን ኮፍያው ገመድ ሆኗል።

ሰፈሩ «ሳህኑ» ይለዋል። ልብስ ሰፊዋ ታመው በተኙ ጊዜ ውሃና መድኃኒት የሚያመላልስላቸው እሱ ነበር። ቁልፋቸውም እሱ ጋ ነበር። ሲሞቱ ቁልፉን ለሰፈሩ ኮሚቴ አስረከበ። ልጃቸው መጥታ ቤቱን ስትፈትሽ የእናቷ የሠርግ ሳህኖች ከቁምሳጥኑ የሉም። ሌላ የጎደለ ነገር አልነበረም። ጉዳዩ ጣቢያ አልደረሰም። የኮሚቴው ሰብሳቢ «እኛው በእኛው እንጨርሰዋለን» ብለው ልጅቷን አጽናንተው ሸኟት። ከዚያ ቤት ለቤት ዞረው «ሰው ነው፣ ተሳስቶ ነው፣ ይቅር በሉት» እያሉ ለዘበኛው ለመኑለት። ልመናው ሠመረ፤ ሰውየው ከሥራው አልተባረረም። ሌብነቱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጸደቀ። ያልተከሰሰን ሰው ማን ነፃ ያወጣዋል?

ሰብሳቢው ወደ ሳጅኗ ቀረቡ። ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። ሲቆጡ እጃቸው ሳይታወቃቸው ካርድ ፍለጋ ወደ ደረት ኪሳቸው ይሄዳል።

«አየሽ ልጄ፣ ባለፈው የተማጸንኩለት እኔው ነኝ። አሳፈረኝ። ኮሚቴው አሁን እዚሁ ቆመን ወስነናል፤ እስከ ማታ የዘበኛ ቤቱን ይለቃል።»

«ሳይጣራ?»

«ምኑ ይጣራል?»

«እስከ ማታ ካላችሁ፣ እስከ ማታ ያለው ጊዜ የኔ ነው።»

ሰብሳቢው ደረት ኪሳቸውን ዳበሱ። ካርድ አልነበረበትም።

ሳጅኗ መጀመሪያ ዘበኛውን ወደ ቤቱ ይዛው ገባች። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፤ አልጋው ላይ ሚስቱ ብርድ ልብስ ተከናንባ ታስላለች።

«ትናንት ሌሊቱን የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«እዚሁ። እሷ ታስላለች፣ እኔ አዳምጣለሁ።»

«ምን ሰሙ?»

«ሳል።»

«የአዳራሹ የኋላ በርስ?»

«በማንኪያ ይከፈታል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለኮሚቴው ስንቴ ተናገርኩ፤ ‹ማን ይሰርቃል ብለህ ነው› አሉኝ።» ኮፍያውን ጠመዘዘና «ይኸው አገኙ፤ እኔን» አለ።

«የሚነግሩኝ ነገር አለ?»

አፉን ከፈተ። ሚስቱን አየ። አፉን መልሶ ዘጋው።

«ከዚህ ቤት መውጣቱ አይደለም የሚከብደኝ፣ ሳጅን። ሁለቴ ሌባ የተባለን ዘበኛ የማን በር ይቀጥረዋል?»

ሳጅኗ ወጣች። የሆነ ነገር ውጦ እንደቀረ አውቃለች። የደበቀ ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ሌባ ሁሉ ግን ይደብቃል። ይህ ሐሳብ ጫማዋ ውስጥ እንደገባ ጠጠር እየቆረቆራት መንገዱን ተሻገረች።

ከማዕከሉ ፊት ለፊት ሴራሚክ ነጋዴው አለ። አዳዲስ ሴራሚክ በነፃ ልስጥ፣ ጥግ ላይ የሱቄ ስም ይጻፍ ብሎ ነበር። መምህርቷ እምቢ አለችው። እሱም መንገድ ላይ ቆሞ «ይቺ ግድግዳ ስታምር አያለሁ!» ብሎ ዝቷል።

«ዝተዋል አሉ።»

«ዝቻለሁ! ሰው አይዝትም እንዴ? ሚስቴ ጥዬህ እሄዳለሁ ስትል ዕድሜዋን ፈጀች፤ ይኸው ከኋላ ሆና እያዳመጠችን ነው።»

ከኋላ ብረት ድስት በኃይል ተቀመጠ።

«ጠዋት ጩኸቱን ሲሰሙ ለምን አልመጡም?»

«የኔ ልጅ፣ ሱቄ ሙሉ ነው። ስብርባሪ እኔ ጋ ሞልቷል፤ ሰው ለምኜ ነው የማስጥለው። ደግሞ የሰው ስብርባሪ ልስረቅ?»

«ሲለጥፉ አብረው ሠርተው ያውቃሉ?»

«ንድፉን አይቻለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ የለ? ትርፍራፊ ሳህን ሲለጥፍ የሚውል ሰው ግን እኔ አይደለሁም።»

ከነጋዴው ወደ አዋላጇ ቤት ሄደች። አዋላጇ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዛሬ ሰው እንደሚመጣባቸው አውቀው ነጠላ ጫማቸውን በሌላ ቀይረዋል።

«የተሰረቀው የእርስዎ ሻል ነው፣ እትዬ።»

«ሰማሁ። እጁ ይባረክ።»

«ለምን?»

«ዳሌዬን አየሽልኝ? ያቺ መምህርት ሦስት ልጅ ተደርድሮ የሚቀመጥበት አድርጋ ነው የሣለችው! ‹ሞቼ ካልሆነ ግድግዳ ላይ አልወጣም› ብያለሁ። ብያለሁ! ጻፊው።»

«እንግዲያው እርስዎ ነዎት የወሰዱት?»

«በእነዚህ እጆች ስቤ ያወጣሁሽ ልጅ ልትመረምሪኝ መጣሽ?»

«ሥራዬ ነው። እርስዎም ያኔ ሥራዎን ነው የሠሩት።»

አዋላጇ ፈገግታቸውን ለመደበቅ አፍንጫቸውን አሹ።

«እሺ ልጠይቅሽ። ሻሉ ያለበት ጨርቅ ሌላ፣ ዳሌው ያለበት ሌላ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ዳሌዬ የት ነው ያለው አሁን?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

«ልሰርቅ ብሄድ ሻሌን ይዤ ዳሌዬን ጥዬ እመጣለሁ?»

ሳጅኗ መርማሪ ሆና እንዲህ ያለ ጠንካራ መከላከያ ሰምታ አታውቅም።

«ሲለጥፉስ ሄደው ነበር?»

«እግሬን አላነሣሁም። ንድፉን አይቼ በዚያው አኮረፍኩ። ኩርፊያ እንደ እኔ ነው፤ በመሀል ብቅ እያሉ አይደለም።»

ሳጅኗ ወደ ማዕከሉ ተመለሰች። የኋላውን በር ከፈተችና ሌባው የሄደበትን መንገድ ያዘች። ከበሩ ጥቂት አለፍ ብሎ የግቢው ቧንቧ አለ። ሥሩ ያለው አፈር አሁንም እርጥብ ነው። ከቧንቧው ጀርባ ሣሩ ተኝቷል።

ሣሩን በእግሯ ገለጥ አደረገችው።

ጨርቁ።

ከነስብርባሪው፣ ምንም ሳይጎድለው ተጥሏል። አንድ ጥጉ ብቻ በውሃ ርሶ አቡጀዲው ተልጧል፤ ከሥሩ አረንጓዴ የስኒ ስብርባሪ ያብረቀርቃል። ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም። ኮቷን አውልቃ ጠቀለለችውና አዳራሽ ገብታ በሩን ዘጋች።

መምህርቷ ስታየው እልል ልትል ነበር። ሳጅኗ አፏን በእጇ አፈነችው።

«ዝም በይ። ማንም አይስማ። የአዋላጇ ሻል ነው?»

«ነው! ተገኘ! ግን ለምን ተላጠ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ። አንድ ሰው ይህን ሰርቆ ለምን በውሃ ያርሰዋል? ለምንስ ይጥለዋል?»

መምህርቷ ወደ ጠረጴዛዎቹ ወሰደቻት። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው ከግድግዳው ጋር ተጠግተዋል። በላያቸው ባለቀለሙ ንድፍ ተሰቅሏል። በጠረጴዛዎቹ ላይ የተደረደሩት ጨርቆች ግን ቀለም የላቸውም። ዳር እስከ ዳር ነጭ፣ እንደ ተፈጨ አጥንት።

«ስብርባሪው ፊቱን ወደ ጨርቁ አዙሮ ነው የሚለጠፈው» አለች መምህርቷ። «አሁን የምታዪው ጀርባውን ነው። ግድግዳው ላይ በሲሚንቶ ከያዘ በኋላ ጨርቁን አርሰን ስንልጠው ፊቱ ይወጣል። ይህን የላጠው ሰው ፊቱን ሊያይ ፈልጎ ነው።»

«እናንተስ ሳታዩት በምን ትለዩታላችሁ?»

«ከሠራሽው አይጠፋሽም። ደግሞ ንድፉን አትመልከቺ፤ ጠረጴዛው ላይ ሁሉም ተገላቢጦሽ ነው። ግድግዳው ላይ በቀኝ የሚወጣው እዚህ በግራ ነው ያለው። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም ጉድ ሆነናል። ዳቦ ጋጋሪዋ ለአንዱ ልጅ ሁለት ግራ እግር ሠርታለት ነበር። እየተሳሳትን ተማርን። ዛሬ አንድ ቀን እንኳ የለጠፈ ሰው አይሳሳትም።»

ሳጅኗ ንድፉን አየች። በቀኝ ጫፍ ልብስ ሰፊዋ። ጠረጴዛውን አየች። ክፍተቱ ያለው በቀኝ ጫፍ።

ጣቷን ክፍተቱ ላይ አሳረፈች።

«ሌባው የአዋላጇን ሻል አልፈለገም» አለች ቀስ ብላ። «የልብስ ሰፊዋን ነው የፈለገው። ንድፉን አየ፤ ወደ ቀኝ ሄደ፤ አነሣ። ቧንቧው ጋ ገልጦ ሲያየው አረንጓዴ፤ የአዋላጇ። እየነጋበት ስለነበር ሊመለስ አልቻለም። ጥሎት ሄደ።»

«ስለዚህ ዘበኛው አይደለም!»

«ለምን?»

«ዘበኛውማ ከማናችንም በላይ ለጥፏል! የልብስ ሰፊዋን ሻል እኮ የሠራው እሱ ነው፤ ብቻውን፤ ሌላ ሰው አላስነካም።»

«ሌላ ሰው አላስነካም?» ሳጅኗ ጆሮዋን አቆመች። «ምኑ ነው እንዲህ የሚያሳሳው?»

«ሣጥኑ ውስጥ ካገኘነው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነዋ። ሰማያዊ፣ የሮማን ፍሬ የተሣለበት፣ ቅጠሉ ወርቅማ። ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ደፍቶ ነው የሚሄደው።»

ሳጅኗ ተመልሳ የዘበኛውን ቤት አንኳኳች። ሚስቱ ልብስ በፌስታል እየከተተች ነበር። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«ሰማያዊውን ሳህን ያውቁታል» አለችው። ጥያቄ አልነበረም።

ኮፍያው ከእጁ ወደቀ።

«የሴትዮዋ ነው» አለ። «ባላቸው ሳህን ላይ ሥዕል የሚሥሉ ባለሙያ ነበሩ። ለሠርጋቸው ብለው በእጃቸው የሣሉት ነው፤ ከእነሱ ቤት ውጭ ወንድም እህት የለውም። ሴትዮዋ ከቁምሳጥን አያወጡትም። ቁምሳጥኑን ሳስጠጋላቸው አንዴ አሳይተውኛል።»

«ሣጥኑ ውስጥ ሲያገኙት ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? ‹የጠፋው ሳህን ይኸው› ብላቸው ምን የሚሉኝ ይመስልሻል? ‹ከየት አመጣኸው› ነዋ! ዝም ብዬ ለጠፍኩት። ነገ ልጅቷ ትመጣለች። ግድግዳው ላይ በገዛ ዓይኗ ታየዋለች። የዚያን ጊዜ እኔ ምን እናገራለሁ? እሷ ትጠይቃለች፤ ያመጣው ይመልስላታል።»

ሳጅኗ ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን» ለማለት ምክንያት አጣች።

«ፌስታሉን ተዪው እናቴ» አለቻት ሚስቱን። «ገና አልመሸም።»

አዳራሽ ተመልሳ መምህርቷን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ንድፉን ያየ ግን አንድም ቀን ያልለጠፈ ማን አለ?

«ሦስት ናቸው። ነጋዴው ተቀይሞ፤ አዋላጇ አኩርፈው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ለሲሚንቶና ለነገው ንግግራቸው ሲሯሯጡ። እሳቸውን እንኳ ተያቸው፤ ሙጫ ልብሴን ይነካል ብለው ከበሩ ነው የሚመለሱት።»

የተገኘው ጨርቅ ደርቆ ቦታው ተመለሰ። ጠረጴዛው እንደ ትናንቱ ሞላ። ሳጅኗ ሦስቱን አስጠራች። የለጠፉትም ጎረቤቶች መጥተው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ ያለው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጥቷል።

«ለነገ ጥበቃ ላደርግ ነው» አለች ሳጅኗ ጮክ ብላ። «የማስጠብቀው የልብስ ሰፊዋን ሻል ነው። አንድ በአንድ ግቡና የትኛው እንደሆነ አሳዩኝ። የለጠፋችሁ አትናገሩ።»

ነጋዴው ገባ። ንድፉን ቀና ብሎ አየና በቀኝ ጫፍ ያለውን ጨርቅ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ይሄ። ሲሚንቶውን በደንብ ካላበዙት ይረግፋል፤ ነግሬያችኋለሁ።»

አዋላጇ ገቡ። በመጀመሪያ ዳሌያቸውን ፈለጉ። ነጭ በነጭ ሲሆንባቸው ተረጋጉ። ከዚያ ንድፉን አይተው ወደ ቀኝ ሄዱ።

«ይህቺ ናት። ነፍሷን ይማር፤ እሷን ግን አቅጥነዋታል።»

ሰብሳቢው ገቡ። ንድፉን አላዩም። በቀጥታ ወደ ግራ ሄደው መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አሳረፉ።

«ይኸው። ጨረስን?»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ጣለች።

«ለምን ወደ ግራ ሄዱ?» አለች ሳጅኗ።

«እንዴት ለምን? ተገላቢጦሽ አይደል የሚሠራው?»

«እርስዎ አንድም ቀን አልለጠፉም። ይህን የሚያውቀው የለጠፈ ወይም ተሳስቶ ያነሣ ነው። ማን ነገረዎት?»

«መምህርቷ ናታ!»

«እኔ? መቼ ቆመው ሰሙኝና?»

«እ... ሚስቴ ትሆናለች። አዎ። እሷ ስትለጥፍ አይደል የከረመችው? እሷ ናት የነገረችኝ።»

«ይጥሯቸው።»

የሰብሳቢው ሚስት ከግቢው ገቡ። ደስተኛና ወሬ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ መጠራታቸውን ምስጋና አድርገው ቆጥረውታል።

«ተገላቢጦሽ ነው ብዬ ነገርኩህ?» አሉ ባላቸውን ትክ ብለው እያዩ። «መቼ? እኔ የነገርኩህ ሻሉ በቀኝ ነው ብዬ ብቻ!» ከዚያ ወደ ሳጅኗ ዞሩ። «ምን መሰለሽ፣ ሰማያዊው ሳህን የኔ ነው። ሳጥበው አመለጠኝና እሱ እንዳይሰማ ስብርባሪውን እዚህ አምጥቼ ደፋሁት። ከትናንት በስቲያ ሳህኖቹን ሲያይ አንዱ ጎደለበት። ጮኸብኝ እኮ! ‹አይዞህ፣ አልተጣለም፣ በስተቀኝ ልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ተከብሮ ይኖራል› አልኩት። ሰውየው ግን ምግብም አልበላ።»

«እነዚያን ሳህኖች ከየት አገኟቸው፣ እትዬ?»

«እሱ ነዋ ያመጣልኝ! የልጃችን አማቾች ሊመጡ ዋዜማ። ዱሮ አብሮት ዳኛ የነበረ ጓደኛው የላከልኝ ስጦታ ነው አለኝ። ምን...» ዙሪያቸውን አዩ። ማንም አይስቅም። «ምን ሆናችሁ?»

በሩ ላይ ዘበኛው ቆሞ ነበር።

«የሮማን ሥዕል ያለበት ነው፣ እትዬ?» አላቸው በቀስታ። «ከሥር፣ ከመሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች?»

ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሰብሳቢው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ተቀመጡ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል።

«ላንድ ቀን ነበር» አሉ። «ላንድ ምሳ! ቤታችን ውስጥ አንዱ ሳህን ካንዱ አይመሳሰልም ነበር። ‹በዚህ ነው የልጄን አማቾች የማበላ› ብላ ሚስቴ ስታለቅስ አደረች። የኮሚቴው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ሞተዋል፤ ማን ይጠቀምበታል፣ በማግስቱ እመልሰዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ስሄድ ልጅቷ ቀድማኝ ደርሳ ቁምሳጥኑን ከፍታ ታለቅሳለች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። በምን ፊቴ ይዤው ልግባ?»

«ልጅቷ የሳህኑን መልክ ነግራዎት ነበር?» አለች ሳጅኗ።

«ለእኔ ብቻ፤ ነገ ግድግዳው ላይ ብታየው ትለየው ነበር። እኔ ለሰፈሩ ‹ሳህን ጠፋ› አልኩ እንጂ ሌላ አላልኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰው ሁሉ ዘበኛው ነው አለ። እኔ አላልኩም! አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም! እንዲያውም እንዳይባረር የለመንኩለት...»

«‹ይቅር በሉት› ነው ያሉት» አለች ሳጅኗ። «ያልሰረቀውን።»

የሰብሳቢው ሚስት ወጡ። ቆይተው ግቢውን አቋርጠው ሲመለሱ የቀሩትን ሳህኖች በአንሶላ ጠቅልለው እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ይዘዋል። የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አኖሯቸው። «ለልጅቷ» ብቻ አሉ። ባላቸውን ዞር ብለው አላዩም።

ሳጅኗ ሰብሳቢውን ክንዳቸውን ያዘች።

«ጣቢያ እንሂድ።»

«ትንሽ ቆዪልኝ፣ ሳጅን» አለ ዘበኛው።

ወደ አግዳሚው ተጠጋ። ኮፍያውን አስተካክሎ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው። ሰብሳቢውን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የሚላቸው።

«የሳህኑን ነገር አንተና ልጅቷ በሕግ ትነጋገራላችሁ። የኔ ግን ሌላ ነው። ቤት ለቤት ሄደህ ‹ይቅር በሉት› ብለህልኛል። አሁን ያኔ ወደ ቆምክበት ደጃፍ ሁሉ ትመለሳለህ። አብሬህ እሄዳለሁ። እኔው ሌባው ነኝ ትላለህ፤ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«እዚሁ ሁሉም ሰምቷል እኮ!» አሉ ሰብሳቢው፣ ግቢውን የሞላውን ሰው እያሳዩ።

አዋላጇ ብድግ አሉ።

«እኔ አልሰማሁም። ለኔ ቤቴ ድረስ መጥተህ ነው የለመንከኝ፤ ቤቴ ድረስ መጥተህ ትነግረኛለህ።»

ይህን ብለው በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ግቢውን ለቀው ወጡ። ከኋላቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሌላው። ጥቂት ሳይቆይ ግቢው ባዶ ሆነ። በመንገዱ ግራና ቀኝ በሮች ተራ በተራ ሲዘጉ ተሰማ።

ሳጅኗ የሰብሳቢውን ክንድ ለቀቀች።

«ጣቢያው የትም አይሄድም» አለች።

ሦስቱ መንገዱን ያዙ። ሰብሳቢው ከፊት፣ ዘበኛው ከጎናቸው፣ ሳጅኗ ትንሽ ወደ ኋላ። ሴራሚክ ነጋዴው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ምንም አልተናገረም፤ ይህ በራሱ ያልታየ ነገር ነው።

የአዋላጇ በር ላይ ደረሱ። ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ፣ አወረዱ፣ እንደገና አነሡና አንኳኩ።

«ማነው?» አለ የአዋላጇ ድምፅ ከውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ሰብሳቢው ዘበኛውን አዩት። ዘበኛው በሩን ነበር የሚያየው።

«ሳህኖቹን የወሰድኩት» አሉ ሰብሳቢው።

በሩ ተከፈተ።